ክቡር ባጫና ኖራ የተቀባው ቦይ

ያን ቀን ናዝሬት ላይ ከንጋት ጀምሮ ዝናብ ነበር። እንደ ደጋ ዝናብ ቀስ ብሎ የሚያረጥብ ሳይሆን፣ የከረመውን አቧራ በአንድ ጊዜ ጭቃ አድርጎ ጫማ የሚያስወልቅ የሐምሌ ዶፍ። ጋሪዎች ቆመዋል፤ ፈረሶቹ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ጤነኛ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው። ክቡር ባጫ ግን ካፖርታቸውን ደርበው ከግቢያችን ሲወጡ አየኋቸው።

«በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ወደ ሥራ ነዋ፣ ሮማን። ለኔ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።»

ክቡር ባጫን የማያውቅ ሰው የለም። ስማቸው ይለያይ እንደሆነ እንጂ በየሰፈሩ አንድ አለ። ሲነግሩት የማያምን፣ ካላየ እንቅልፍ የማይወስደው፣ ያየውንም ገልብጦ ጀርባውን የሚያይ። ለቅሶ ቤት ሲገባ «እግዜር ያጥናችሁ» ከማለቱ በፊት የድንኳኑን ገመድ ሳብ ያደርጋል። ሰርግ ሲጠሩት ሙሽራዋን ሳያይ የጠላውን ጋን ያሸታል። የእኛው ክቡር ባጫ ከሌሎቹ የሚለዩት ለዚህ አመላቸው መንግሥት ደመወዝ ስለሚከፍላቸው ነው። የአውራጃው ጤና ጥበቃ ሳኒታሪያን ነበሩ። ቆሻሻ ውሃ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ መከተል ነው ሥራቸው።

በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ተከራይተን ስለምንኖር፣ አመላቸውን ከኔ በላይ የቀመሰ የለም። ወጥ ስሠራ በበሬ ካለፉ ገብተው ክዳኑን ያነሣሉ። ለመብላት አይደለም። «እስቲ ልየው» ይላሉ፤ ያያሉ፤ መልሰው ይከድናሉ።

«ምን አገኙ?»

«ወጥ ነው።»

ወጥ መሆኑንማ ቀድሜ ነግሬያቸው ነበር።

ይህችን «እስቲ ልየው» ሲሉ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ሌላው ወንድ እንዲህ ያለውን ድምፅ ለሴት ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታቸው ሠራተኞቹን ላንጋኖ ለሽርሽር ወሰዳቸው። ሌላው ሲዋኝና ዓሣ ሲበላ፣ እሳቸው የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ የት እንደሚወርድ ሲፈልጉ ዋሉ። ጉድለት አላገኙም። በዚህ ቅር ብሏቸው ተመለሱ። «ሐይቁስ እንዴት ነበር?» ብላቸው፣ ትንሽ አስበው «ሳላየው አልቀርም» አሉኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሠራተኞች ክበብ ሻይ አፈላ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ለወጣ ሰው የተገኘ ሥራ ነው፤ አላማርርም፤ ማማረርም ሰሚ ይፈልጋል። ፋብሪካው ቆዳውን ያጥባል፣ በኖራ ይዘፈዝፋል፣ ፀጉሩን ይገፍፋል። የታጠበበት ውሃ በዋናው ቦይ ሄዶ ማጠራቀሚያ ገንዳ መግባት ነበረበት። ገንዳው ግን በደለል ከሞላ ቆይቷል። ስለዚህ ከቆዳ መጋዘኑ ጀርባ ሌላ ቦይ አለ፤ በስም የዝናብ ውሃ መውረጃ። ዝናብ ሲጥል የብረት መዝጊያው ይነሣና የፋብሪካው ውሃ ከጎርፉ ጋር ተደባልቆ፣ በአጥሩ ሥር አልፎ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ተቆጣጣሪ በዝናብ አይመጣም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራም። የሚወራበት ዘመን አልነበረም።

ከሸለቆው በታች ቀመሪያ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ትኖር ነበር። ኑሮዋ ወተት ነው። ባለፈው ክረምት አንዷ ላሟ ከዚያ ውሃ ጠጥታ ሞተችባት። የቀረቻት አንዲት ላም ናት፤ እሷም እርጉዝ። ቀመሪያ ወተት ስታመጣልኝ «ያ ረቢ፣ ይህቺም ከሄደች ተከትያት ነው የምሄደው» ትለኛለች። አቤት ብላም ነበር። «የዝናብ ውሃ ነው» ብለው መለሷት።

እንግዲህ ቁጥጥር ሊመጣ ነው ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ወዲያው ዘመቻ አወጁ። እንግዳ ሲመጣ ድንጋይ ኖራ መቀባት ያኔ የአገሩ ደንብ ነበር። ሠራተኛው ተሰልፎ እያለ «በግቢው ያለ ቦይ ሁሉ ጠርዙ ኖራ ይቀባ!» ብለው አዘዙ። ፎርማኑ ጉተማ ታዛዥ ሰው ነው። «ያኛውም ጭምር ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ያኛው ቦይ መኖሩን በሰልፍ ፊት ሊናገር ነው። ስለዚህ አልጠየቀም፤ ቀባ። ዝናብ እንዳያስለቅቀውም ኖራው ውስጥ ጨው ጨመረበት። ጨው እንደሆነ ቆዳ ፋብሪካ ሞልቷል።

በዚያ ዶፍ፣ እኔ ክበቤ ገብቼ ሻይ ካፈላሁ በኋላ፣ ክቡር ባጫ የፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ከቢሯቸው ሮጠው ወጡ።

«ጓድ ባጫ፣ በዚህ ዝናብ! ይግቡና ሻይ ይጠጡ፤ ሲያባራ እናየዋለን።»

«ሲያባራማ ምን ይታያል? እስቲ አሁን ልየው።»

«ሮማን፣ ፔርሙዙን ይዘሽ ተከተይን» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ። ሻይ የሰውን ዓይን እንደሚያስከድን ያምኑ ነበር። ጉተማ ጃንጥላ ያዘላቸው። ለኔ የያዘ የለም።

በዋናው ቦይ ኩልል ያለ ውሃ ይወርዳል።

«ሕፃን ቢታጠብበት አይፈራም» አሉ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ።

«ፋብሪካው ዛሬ አይሠራም እንዴ?»

«ምን ማለትዎ ነው! ሌት ተቀን ነው የምንሠራው፤ ከዕቅድ በላይ!»

«ጎበዝ። ታዲያ ያን ሁሉ ቆዳ ያጠባችሁበት ውሃ የት ሄደ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደኔ ዞሩ። «ሻይ ቅጂ!» አሉኝ። ቀዳሁ። ስኒውን ዝናቡ ሞላው።

ክቡር ባጫ ዓይናቸው መጋዘኑ ጀርባ ሄዷል። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል ሁለት ነጭ መስመሮች እንደ ሰርግ መንገድ ተዘርግተዋል።

«ያ ነጩ ምንድን ነው?»

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ጉተማን አዩት። ጉተማ ሰማዩን አየ። «ሁሉም ይቀባ አላሉም፣ ጓድ?» አለ ቀስ ብሎ።

«የዝናብ ውሃ መውረጃ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «የዝናብ ብቻ።»

«እንዴት ያምራል! እስቲ ልየው።»

መስመሩን ይዘው ወረዱ፤ እኛም ተከተልን። ውሃው አመድማ ነው፤ አረፋ አለው፤ በአረፋው ላይ የበግ ፀጉር ይንሳፈፋል። ክቡር ባጫ በእጃቸው ዘግነው ለሥራ አስኪያጁ አሳዩ።

«ጓድ፣ ዝናብ ከመቼ ወዲህ ነው ፀጉር ያበቀለው?»

ከአጥሩ ውጭ፣ ሸለቆው አፋፍ ላይ፣ ቀመሪያ የላሟን ገመድ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ላሟ ወደ ውሃው ትስባለች፤ እሷ ወደ ኋላ ትስባለች። ሁለቱም በስብሰዋል።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ እመቤት?» አሏት ክቡር ባጫ።

«በዘነበ ቁጥር እንዲህ ነኝ፣ ጌታዬ። ከለቀቅኳት ትጠጣለች። ይሄ ቢሻን ነው? ውሃ እንዲህ ይሸታል?»

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ክቡር ባጫን ክንዳቸውን ይዘው ገለል አደረጓቸው፤ ፔርሙዝ የያዘች ሴት ግን ጆሮ ያላት አልመሰላቸውም።

«ጫማዎ ውሃ ያስገባል መሰለኝ። እኛ ዘንድ ጥሩ ቆዳ አለ።»

«አውቃለሁ። ፀጉሩን እያየሁት ነው።»

የሥራ አስኪያጁ ድምፅ ተለወጠ። «ምርት የሚያስቆም ሰው በዚህ ዘመን ምን እንደሚባል ያውቃሉ?»

ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፤ የተባለው ሰው የት እንደሚገባም እናውቃለን።

«አውቃለሁ» አሉ ክቡር ባጫ። «ባጫ ይባላል። መዝጊያው ይውረድ፤ እስኪወርድ እዚሁ ነኝ።»

ከአጥሩ ወጥተው ከቀመሪያ ጎን ቆሙና የላሟን ገመድ አብረው ያዙ። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ብዙ ተናገሩ፤ ሰውየው ገመድ እንደያዙ ናቸው። ሠራተኛው በአጥሩ ላይ አንድ ሁለት እያለ ተንጠለጠለ። ያን ያህል ዓይን ባለበት ምን ይደረጋል? በመጨረሻ ጉተማ ሄዶ መዝጊያውን አወረደ።

ገንዳው እስኪጠረግ ማጠቢያው ቆመ፤ ክበቡም ተዘጋ። እኔ ሥራ ፈትቼ ክቡር ባጫን በግድግዳው በኩል ሰደብኳቸው። እሳቸውም በግድግዳው በኩል ሰሙኝ። በማግስቱ ገብተው ድስቴን ከፈቱ፤ ባዶ ነው። ወጡና ሽንኩርትና ምስር ይዘው ተመለሱ።

ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ከላይ ሰው ነበራቸው። መስከረም ሲጠባ የክቡር ባጫ ዝውውር መጣ፤ ወለንጪቲ። በዚያው ሰሞን የቀመሪያ ላም በሰላም ወለደች። ቀመሪያ እንገሩን በቅል ይዛ መጥታ ሰጠቻቸው። ቅሉን ከፍተው ሳያዩ፣ ሳያሸቱ ጠጡት። እንዲህ ሲያደርጉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ዓይናቸውም እንባ አቅርሮ ነበር።

ዘመድ አልነበራቸውም። ዕቃቸውን እኔ አሰርኩላቸው። ምኑ የት እንዳለ የሚያውቀው ያሰረው ስለሆነ፣ ወለንጪቲ ሄጄ የፈታሁትም እኔ ነኝ። ፈትቼ ስጨርስ የመመለሻው አውቶቡስ ሄዷል። በማግስቱም አውቶቡስ ነበር፤ አልሄድኩበትም።

ባጫ አሁንም ወለንጪቲ ነው። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው ቤታችን፣ ምሳውን በልቶ ተኝቷል።