ብርሃኑ ገና አልወረደም

እኛ በርበሮች መሬት ፈልፍለን ቤት በምንሠራበት መንደር ሁሉ፣ ፎቶ አንሺን ፎቶ ማንሳት የምታስተምር አንዲት ሴት አትጠፋም። በቱኒዚያዋ መንደራችን በማትማታ እኚህ ሴት እትዬ ማብሩካ ናቸው፤ እኔ በሆዴ "ክብርት የብርሃን ሚኒስትር" እላቸዋለሁ።

ግቢያቸው እንደ ጉድጓድ ወደ ታች የተቆፈረ ስለሆነ ፀሐይ ታች የምትደርሰው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ያውም ለጥቂት ጊዜ። ቱሪስቱ ግን ገና በጠዋቱ ካሜራውን ደግኖ ይወርዳል። እትዬ ማብሩካ ሌንሱን በመዳፋቸው ይከድኑታል።

"ብርሃኑ ገና አልወረደም። እስኪወርድ ብላ።"

የገብስ ዳቦና የወይራ ዘይት ይቀርባል። አንዴ ሌንሱ የመድፍ አፈሙዝ የሚያህል ጀርመናዊ አልበላም ብሎ ድርቅ አለ። የካሜራውን መቆሚያ በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ቦታ አስያዙለትና "አሁን ቁጭ በል" አሉት። በላ። ያነሳውን ሲያይ እጃቸውን ሳመ። እኔ በፎቶ አንሺነት ሠላሳ ዓመት ስቆይ እጄን የሳመ ሰው የለም።

ዘንድሮ ዝናቡ ጠነከረና ልጆቻቸውን የወለዱበትን ክፍል ናደው። ልጃቸው ሚሉድ ከሚኖርበት ከጋቤስ ከተማ እየበረረ መጣ።

"እማ፣ በቃሽ። ከእኔ ጋር ፎቅ ላይ ትኖሪያለሽ።"

"ክፍሌ እንደነበረው ከተሠራ የትም አልሄድም።"

"ካልተሠራስ?"

"እሄዳለሁ" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ወረደ።

"እንደነበረው" የምትለዋ ቃል ናት ጉድ ያፈላችው። ክፍሉን የቆፈሩት ሰው ሞተዋል፤ ልኩን የሚያውቅ የለም። "እንልክልዎታለን" እያሉ ያነሱት ቱሪስቶች ደግሞ አንዲት ፎቶ አልላኩም።

እኔ ግን አንዲት ነበረችኝ። የዛሬ አስራ ስምንት ዓመት በጠዋት፣ እሳቸው ዳቦ ሊያመጡ ዞር ሲሉ ሰርቄ ያነሳኋት። ጨለም ብትልም የጣሪያው ቅስት፣ ግድግዳው ላይ የተፈለፈሉት መደርደሪያዎች፣ ሁሉም ይታያሉ። እያፈርኩ ሰጠኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ብርሃኑ አልወረደም ነበር" አሉኝ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ሌባ።"

ቆፋሪዎች ፎቶዋን እያዩ ክፍሉን መልሰው ፈለፈሉት፤ ሚሉድም ብቻውን ተመለሰ። ፎቶዋ አሁን የተሰቀለችው ጨለማው ጥግ ላይ ነው። ለምን እዚያ እንዳደረጓት ስጠይቃቸው "ለምዳዋለች" አሉኝ።

ትናንት ጠዋት ካሜራዬን ይዤ ወረድኩ። ዳቦ ሊያመጡ ገቡና ቆዩ። በጣም ቆዩ። ያን ያህል የሚርቅ ዳቦ እቤታቸው እንደሌለ አውቃለሁ፤ እንድሰርቅ ፈቅደውልኝ ነው።

ካሜራዬን ሳልነካ ጠበቅኳቸው። እወዳቸዋለሁ፤ ብርሃኑም ገና አልወረደም ነበር።