ለንስሐ አባቴ ብዬ የነቀልኩት ሶኬት

ዛሬ ሰቆጣ መሀል፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ የደረሰብኝን ብነግራችሁ "እኒህ ሴትዮ ደግሞ ፈጠሩት" ትላላችሁ።

ጉዱ የጀመረው ትናንት ነው። አስተማሪዋ ልጄ ኮምፒውተሯ ተንቀራፈፈባት። "ሃርድ ዲስኩ ላይ ፋይሉ ተበታትኖ ነው፤ ዲፍራግ ሳደርገው ይሰበሰባል" አለችና ጀመረችው። "እማዬ፣ መቶ ፐርሰንት ሳይሞላ እንዳትነኪው" ብላኝ ስብሰባ ሄደች።

እኔም እንደ አራስ ልጅ አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅሁት።

እንዴት አልጠብቅ? የእህቴ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው። ነፍሷን ይማርና፣ ትኖርበት የነበረው ደሃና ድረስ በእግሬ እየተመላለስኩ በኽምጣኛ ቋንቋችን የምታንጎራጉረውን በስልኬ ቀድቼ ነበር። ልጄ ወደ ኮምፒውተሯ ገለበጠችና "ስልክሽ ሞልቷል" ብላ ከስልኬ አጠፋችው።

ልብ በሉ። አጠፋችው።

ስልሳ ሁለት ፐርሰንት ላይ ሲደርስ የንስሐ አባቴ ገቡ።

"ስልኬ ሞተብኝ። ከጽጽቃ የሚደውልልኝ ሰው አለ፣ እስቲ ቻርጅ አድርጊልኝ" አሉ። ቤታችን ያለው ሶኬት አንድ ነው። እስቲ ፍረዱ፣ የንስሐ አባት "ማሽኑ እስኪጨርስ ይቆዩ" ይባላሉ? እናንተ ትላላችሁ?

ነቀልኩት።

መልሼ ስሰካው ጥቁር ብሎ ቀረ።

ልጄ መጥታ ያለችኝን አልደግመውም። "መብራት ይሄዳል ተብሎ ሲፈራ እንኳ ዲፍራግ አይጀመርም፣ ጭራሽ አንቺ ትነቅይዋለሽ!" የሚለው ቀላሉ ነው።

ዛሬ ጠዋት ተሸክመነው ጠጋኝ ዘንድ ሄድን። ፈታው፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ። "ዲስኩ ድሮም ታሞ ነበር። መጀመሪያ ጤናው ይታያል፣ ሌላ ቦታ ኮፒ ይደረጋል፣ ከዚያ ነው ዲፍራግ። ኮፒው የታለ፣ መምህርት?"

"ረሳሁት" አለች መምህርት።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩት እንኳ ደሃና ሳለሁ የገብስ ዘሬን ግማሹን እህቴ ጎተራ ነበር የማስቀምጠው። ነቀዝ ቢገባስ? እሳት ቢነሳስ? ይሄን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል? ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። "እማዬ፣ ቀስ በይ" ብትለኝ ማን ሰምቷት።

ከሰዓት በኋላ ጠጋኙ ጠራን። "እማማ፣ ከዚያ ሁሉ አንድ ቅጂ ተርፎልዎታል። ላሰማዎት?" ብሎ ለቀቀው።

እህቴ ናት። ወረፋ ላይ የነበረው ሁሉ ጠጋ አለ። ሁለት ስንኝ እንዳለች ሌላ ድምፅ ገባ፤ የኔው፦ "ቆይ እስቲ፣ አቁሚው፣ እንግዳ መጣ።"

ቅጂው እዚያ ላይ አለቀ።

ሳቁ ሌላ ሆነ። ልጄም ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች። "እማዬ፣ አክስቴንም ነቅለሻት ኖሯል" አለችኝ።

ሁለቱን ስንኝ ፍላሽ ላይም ስልኬ ላይም አስገልብጫለሁ። የቀረው ቀረ። እንግዲህ ፍረዱን፤ ኮፒ ሳታደርግ የጀመረችው ናት ጥፋተኛ፣ ወይስ የያዘችውን ዳር ሳታደርስ ብድግ የምትለው እናቷ? እናቷን የምትሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ልጄ ኮሜንት ታነባለች።