ማንጎው ሥር የተሰየመ ችሎት

ፍርድ ቤት ደጃፋችሁ ድረስ ቢመጣላችሁ ደስ አይላችሁም? እኔም ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

ያኔ ሶዶ ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ አስተርጓሚ ሲጠፋ ደግሞ አስተርጓሚ። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነው። በአንዱ ግምገማ ላይ «ሕዝቡ በቀጠሮ ተንከራተተ» ተባለና ተዘዋዋሪ ችሎት ተፈቀደ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ ሐሙስ፣ በሁምቦ በኩል ቆላ ወርደን፣ አንዲት ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ልናስችል። ማስታወቂያውን በሚያምር አማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የት ለጠፍኩት? ሶዶ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ! ምን ላድርግ፣ ሰሌዳው ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ሐሙስ ደረሰና ወረድን። ለካ ሐሙስ እዚያ የገበያ ቀን ነው። ከባለጉዳዮቹ የመጡት አቶ አንጁሎ ብቻ ናቸው። እኚህ ሰውዬ ወንድማቸው ሲሞት «በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት የኔ ነው» ብለው ያዙ። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ አማረች ከሰሷቸው፤ ክርክሩ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከሳሽ ሦስት ጊዜ ተጠሩ፤ የሉም። መዝገቡ ተዘጋ።

ከሰዓት ሶዶ ስንመለስ ወይዘሮ አማረች ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያሻሉ። እኛ በመኪና ወደ እሳቸው ስንወርድ፣ እሳቸው በእግራቸው ወደ እኛ ሲወጡ ኖሯል።

«ልጄ፣ ዛሬ ችሎት የለም እንዴ?» አሉኝ በወላይትኛ።

«ነበረ እማማ።»

«የት?»

«እናንተ ቀበሌ።»

አቀርቅረው እግራቸውን ማሸት ቀጠሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መዝገቡ እንዲከፈት ማመልከቻውን በገዛ እጄ ጻፍኩላቸው። ዳኛውም ፈቀደ፤ ቀኑንም ወደ ረቡዕ አዛወረው። እኔም በዚህኛው ዙር ብልጥ ሆንኩ፤ እሁድ ቸርች ውስጥ አስነገርኩ።

ረቡዕ ስንደርስ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። አዳራሹስ? ቀበሌው ግምገማ ተቀምጦበታል! «በል ጥላ ፈልግ» አለኝ ዳኛው። መንገዱ ዳር ጥላው የተንዠረገገ ትልቅ ማንጎ አየሁ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ የነገረኝም የለም። ከትምህርት ቤት ጠረጴዛ ተዋስን፤ ችሎት ተሰየመ።

የወይዘሮ አማረች ተራ ሲደርስ አቶ አንጁሎ ዘለው ተነሱ።

«እኔ እዚህ አልከራከርም! ዳኛ እንዴት ባላጋራዬ ግቢ ይቀመጣል? ማንጎው የሷ፣ ጥላው የሷ! ይኼ አድልዎ ነው!»

ቃል በቃል ተረጎምኩ። ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይህ የማን ግቢ ነው አሉኝ?»

«የአማረች ነዋ! አገር ያውቃል!»

«እንግዲያው የምትከራከሩበት መሬት የትኛው ነው?»

አቶ አንጁሎ ቀና ብለው ማንጎውን አዩ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም። ወይዘሮ አማረች ግን አልሳቁም፤ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ዳኛው ወደኔ ዞረና «ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። እንደዚያ ቀን የእጅ ጽሑፌ አምሮ አያውቅም። መሬቱ የእሳቸው ነው ተብሎ እዚያው ተፈረደ።

ለበላይ አካል በላክነው ሪፖርት ላይ፣ ያጋጠሙ ችግሮች ከሚለው ሥር፣ «የአዳራሽ እጥረት» ብለን ጻፍን። አልጨከኑብንም፤ በዓመቱ ለችሎቱ ቆርቆሮ ክዳን ያለው የራሱ አዳራሽ ተሠራለት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጠዋት ያለቀ የመሬት ክርክር አላየሁም።