የጋሽ ይመር ኮትና የእትዬ ከድጃ መጋረጃ

ትናንት ቅዳሜ ምሳዬን በልቼ የስፌት ማሽኔ ላይ ትንሽ ደገፍ ስል፣ ዓለም ተገልብጣ አየኋት።

ሕልሙን ከመንገሬ በፊት ግን አንድ ጥፋት ልመን። እንድሪስ እባላለሁ፣ ኮምቦልቻ መናኸሪያው ጀርባ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቱ ከስድስተኛ ክፍል አልዘልም ብሎኝ ቀርቷል። ጋሽ ይመር ለልጃቸው ሰርግ የሚለብሱትን ኮት እኔ ጋ አሰፉ። ሰርጉ እሁድ ነው። ጋሽ ይመር ደግሞ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። «ኮቴ በጊዜው ከደረሰና ካማረ፣ የሦስት መቶውን ተማሪ ዩኒፎርም ላንተ አሰጥሃለሁ» ብለውኛል። ሦስት መቶ! እኔ እስካሁን ባንዴ ብዙ ሰፋሁ ካልኩ አራት የትራስ ልብስ ነው።

ኮቱ ማክሰኞ አለቀ። ወላሂ አልቋል። ችግሩ ሰኞ ዕለት ለአነስተኛ ነጋዴዎች ስልጠና ነበረ፣ ለስላሳና ብስኩት አለ ሲሉኝ ሄድኩ። አሠልጣኙ አቶ ሸጋው «ምርታችሁን መደርደሪያ ላይ አትደብቁ፣ ለሕዝብ አሳዩ» አለ። እኔም ኮቱን ለብሼ ለሕዝብ አሳየሁ። ማክሰኞ በገበያው ዞርኩበት፣ ሐሙስ መናኸሪያው በር ላይ ቆምኩበት፣ አርብ በጓደኛዬ ኒካህ ላይ ተጨበጨበልኝ። እጅጌው ለኔ ረዝሞ ጣቶቼን ውጦ ያልፋል፣ ፋሽን ነው እላለሁ። ጋሽ ይመር ሲመጡ «ነገ» እላቸዋለሁ፣ ዞር ሲሉ እለብሰዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ማስታወቂያው ገና አላለቀማ።

እና ትናንት የእትዬ ከድጃን አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ ማሽኑ ላይ ዘርግቼ ዳርዳሩን እየሰፋሁ፣ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ አለ።

ሱቄ በር ላይ ረጅም ሰልፍ አየሁ። ደስ አለኝ። ጠጋ ስል የተሰለፉት ደንበኞች አይደሉም፣ የከተማው ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ሁሉም ማሽኑን ራሱ ላይ ተሸክሟል። ከፊት በትንሽዬ መስኮት አንድ ደንበኛ ተቀምጧል። አንድ ብቻ። ወፍራም ሰውዬ በፒጃማ፣ ጥፍሩን ይሞርዳል። ሰፊዎቹ ጌታዬ እኔ ልለካዎት፣ የለም እኔ ልቅደም እየተባባሉ ይገፋፋሉ። ተራዬ ሲደርስ ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

«ምን ፈለግህ?»

«ሱሪ ልሰፋልህ ነበር።»

«ማመልከቻ አስገብተሃል?»

«አላስገባሁም።»

«እንግዲያ ነገ ብቅ በል» ብሎ መስኮቱን ዘጋው። መስኮቱ ላይ «የዛሬ ደንበኛ አልቋል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ ሰፊ ማሽናቸውን አውርደው ማልቀስ ጀመሩ። ለካ ይሄን አንድ ደንበኛ ለማየት ከሐርቡ በእግራቸው ነው የመጡት።

ወረቀቱን ደህና አድርጌ ላንብብ ብዬ ስጠጋ መስኮቱ በር ሆነ። ገባሁ። ውስጡ የስልጠናው አዳራሽ ነው። አሠልጣኙ ግን በግ ነው። ከራሱ እስከ ጭራው የተሸለተ በግ፣ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ በሰኮናው ሰሌዳው ላይ ይጽፋል።

«ደንበኛ ሲመጣ ስልካችሁን እዩ» አለ በጉ። «ቆሞ ካሳለ መብራት የለም በሉት። መብራቱ ከበራ ክር አልቋል በሉት። ክሩን ካየባችሁ ለቅሶ አለብን በሉት። ጨርቅ ስትሰፉ መጀመሪያ ቁረጡ፣ ከዛ ለኩ። ልብሱ ካጠረ ሰውዬውን ማሳጠር ነው።»

አዳራሹ ሙሉ ይጽፋል። ከጎኔ የተቀመጠች ዶሮ እንኳን በጥፍሯ ደብተሯን ትጭራለች። እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። በጉ አየኝ።

«አንተ ለምንድነው የማትጽፈው?»

«ይሄን እኮ ሁልጊዜ ነው የማደርገው።»

በጉ ከመድረኩ ወረደ። አቅፎ ሳመኝ። ለካ ስልጠናው ከተጀመረ አንድም ሰው እንዲህ ተዘጋጅቶ መጥቶ አያውቅም። ሰርተፍኬት ጀርባዬ ላይ በመርፌ ሰፋልኝ፣ ዶሮዋ አጨበጨበች። እኔም ጎርነን ብዬ ስለ ሥራ ጥቂት ምክር ልሰጥ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ በጉ አፍንጫውን ደረቴ ላይ ለጠፈና አሸተተኝ። ለካ ኮቱን ለብሼዋለሁ።

«ይሄ ሱፍ የኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «በርዶኛል። መቼ ነው የምትመልስልኝ?»

«ነገ» አልኩ። አፌ ለምዶበት ነው።

ይሄን እንዳልኩ የኮቱ የላይኛው ቁልፍ ፈንጠር ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈና በሩን ከፍቶ ወጣ። ኮቱ ሦስት ቁልፍ ነው ያለው። ሦስቱም ከሄዱ እኔ ኮቱን መልበሴ ይቀርና ኮቱ እኔን ይለብሰኛል። ማን እንደነገረኝ አላውቅም። ሕልም ላይ እንዲህ ነው፣ ሳይነግሩህ ታውቃለህ።

ቁልፉን ልይዝ ተከትዬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ልብስ ስፌት ቤት ብቻ ነው። አንዱ ልብስ ስፌት ከፍቶ ሁለት ቀን ሰው ሲገባለት ያየ ሁሉ የራሱን ሥራ ትቶ ማሽን ገዝቷል። ዳቦ ቤቱ ዳቦ ይሰፋል። ሥጋ ቤቱ የተቆረጠ ጭን ከበሬው ጋር መልሶ ይሰፋል፣ በሬው «እዛ ጋ ላላ አድርገው» ይለዋል። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ጸጉር አስተካካዩ መሬት የወደቀውን ጸጉር እየለቀመ የሰውዬው ራስ ላይ ይሰፋል። ሰውዬው ተላጭቶ ሊወጣ የገባ ነበር፣ ትከሻው ድረስ ጎፍሮ ወጣ። ጎዳናው ሁሉ ጢቅ ጢቅ ጢቅ ይላል። የሚያሰፋ ግን የለም፣ ሁሉም ሰፊ ነው።

ጥግ ላይ እትዬ ከድጃ ቁጭ ብለዋል። እሳቸው ብቻ አይሰፉም። ፊታቸው አንድ ቆርቆሮ መርፌ አስቀምጠው ይሸጣሉ፣ ሰፊዎቹ እየተጋፉ ይገዟቸዋል።

«እትዬ፣ እርስዎ ማሽን አልገዙም?» አልኳቸው።

«ምን ሊያደርግልኝ? ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲሠራ፣ ሥራው የጎደለውን ማየት ነው» አሉ። «ለመስፋት ሲጋፉ መርፌው አለቀባቸው። እኔ መርፌ ያዝኩ።»

ወላሂ ይሄን ነገር ልይዘው ፈልጌ ነበር፣ ግን እዚያው አስረሱኝ። መጋረጃዬስ ይሉኛል ብዬ ስፈራ፣ ፈገግ ብለው መጋረጃዬ ዛሬ ትዳራለች፣ እንዳትቀር፣ ሰርጉ ላይ እጠብቅሃለሁ አሉኝ። እግዚሃር ይመስገን አላልኩም፣ አልሐምዱሊላህም አላልኩም፣ ዝም ብዬ ሮጥኩ።

ሮጬ የገባሁት ትምህርት ቤት ነው። የተገለበጠ ትምህርት ቤት። ከዛፉ ስር ትንንሽ ልጆች ክራቫት አስረው፣ እግራቸው ከወንበሩ ወለል ሳይደርስ፣ የወላጆች ኮሚቴ ሆነው ይሰበሰባሉ። አንዷ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ መነጽሯን አውልቃ ስለ ሽንት ቤቱ ጣሪያ በጣም ታስባለች። በር ላይ ደግሞ ዘበኛው አንድ ተማሪ አላስገባ ብሎታል። ተማሪው ጋሽ ይመር ናቸው። ጺማቸው ከነሽበቱ እንዳለ ነው፣ ግን ቁምጣ ለብሰዋል፣ ቁመታቸው ወገቤ ድረስ ነው፣ በፌስታል ደብተር ይዘዋል። በቁምጣ ያለ ሰው አንቱ ማለት አቃተኝ፣ አንተ አልኩት።

«ምን ሆነህ ነው ውጭ የቆምከው?»

«ዩኒፎርም የለህም ብለውኝ ነው፣ ጋሼ እንድሪስ» አለኝ። «አንተ ጋ ነው ያለው። ደረሰ?»

ጨርቁን አይቼው እንኳን አላውቅም። ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ ማየት አልወድም ደግሞ። «ነገ ይደርሳል ማሙሽዬ» አልኩት።

መሃለኛው ቁልፍ ተፈነጠረ። ልጁ ግን አላለቀሰም። ደብተሩን አውጥቶ አሳየኝ፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በእጅ ጽሑፍ ነገ፣ ነገ፣ ነገ ተብሎ ተሞልቷል። ቀኑ አጠገቡ ተጽፏል። ሁሉም የኔ ቃል ነው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «አልደረሰም ብትለኝ እኮ አልቆጣህም ነበር። የድሮውን አስጠግኜ እመጣ ነበር። ነገ ስትለኝ ግን የድሮውንም ለሌላ ልጅ ሰጠሁት።»

ዘበኛው በሩን ዘጋው። ትንሹ ይመር ፌስታሉ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ጀመረ፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ይሄ ኮት ከበደኝ። ላወልቀው ስል እጅጌው እጄን ጨብጦ ያዘኝ።

«የት ልትሄድ?» አለኝ ኮቱ። «ሰርጌ ነው።»

መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ መጡ፣ ነጂ የለባቸውም። ኮቱ እየጎተተኝ ገባሁ፣ ድንኳኑ ሙሉ ልብስ ነው። ያልሰፋኋቸው ሱሪዎች በአንድ እግራቸው ቆመው ይጨፍራሉ። ዚፕ ቃል የገባሁላት ቀሚስ ከሩቅ አየችኝና ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ጀርባዋ ክፍት ነው። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት ሁለት መቀሶች ናቸው፣ ሜትር ደግሞ ዶቃ መስሎ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሟል። ሙሽራዋ ገባች። የእትዬ ከድጃ መጋረጃ። አበባዎቿ እውነተኛ አበባ ሆነዋል፣ ንብ ይዞራቸዋል። ምን ልዋሽ፣ ታምራለች።

ትልቁ መቀስ አፉን ከፈት አደረገ።

«እነዚህ ሁለት ዛሬ ከተያያዙ ማንም አይለያቸውም። ግን የሙሽራው አባት ይጠራ። ይሄ ኮት የማን ነው?»

ማለት ያለብኝ ቀላል ነገር ነው። የጋሽ ይመር ነው፣ አልቋል፣ ውሰዱት። አምስት ቃል። ከሱሪዎቹ ኋላ ትንሹ ይመር በቁምጣው ቆሞ ያየኛል። አፌን ከፈትኩ።

«ነገ እነግራችኋለሁ» አልኩ።

የመጨረሻው ቁልፍ ሄደ። ኮቱ ጨመቀኝ፣ እኔ ውስጡ እያነስኩ፣ እሱ እያደገ። መጋረጃዋ ክንዷን ዘርግታ መጣች። ሮጥኩ። እግሮቼ እንደ ሞተር ይሮጣሉ፣ ቦታው ግን ንቅንቅ አይልም። በረገጥኩ ቁጥር ከእግሬ ስር ጢቅ ጢቅ ጢቅ ይላል፣ መሬቱ ላይ የስፌት መስመር እየወጣ ይከተለኛል። የበለጠ ሮጥኩ፣ የበለጠ ተሰፋ። በጉ ከሆነ ቦታ «በርታ፣ በርታ፣ እንዲህ ነው ሥራ ማሳደግ» እያለ ይጮሃል። መጋረጃዋ እጄን ያዘችኝ፣ እና

ነቃሁ።

ማሽኔ ላይ ተደፍቻለሁ፣ ጉንጬ ላይ የማሽኑ ስም ታትሟል። እግሬ ፔዳሉን አሁንም ይረግጣል። ማታ ላወልቀው ያልኩት ኮት ላዬ ላይ ነው። ከፊቴ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ፣ ጋሽ ይመር ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ቁጭ ብለዋል። ሙሉ ሱሪ ለብሰዋል። አንቱ ናቸው።

«ከሰባት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነኝ» አሉ።

ሰዓቱን አየሁ፣ ዘጠኝ ሊሆን ነው። «ምነው ሳይቀሰቅሱኝ?»

«ብቀሰቅስህ ነገ ትለኛለህ። ተኝተህ ግን ስትሰፋ አየሁህ። አየሁት፣ ስፌትህ ቀጥ ያለ ነው። ነቅተህ እንዲህ ሰፍተህ አታውቅም።»

ምን ሰፍቼ? ብዬ እጄን ሳነሳ መጋረጃው አብሮ ተነሳ። ረጅሙ እጅጌ ጣቶቼን አልፎ መርፌው ስር ገብቶ፣ ከእትዬ ከድጃ አበባዎች ጋር እስከ ክርኑ ድረስ ተሰፍቷል። በድርብ።

ጋሽ ይመር በዱላቸው ጫፍ መጋረጃውን ከፍ አድርገው አዩት፣ መልሰው ለቀቁት።

«ሐሙስ ይሄን ኮት መናኸሪያው በር ላይ አይቼው ሰላም ብዬው ነበር፣ ዘጋኝ» አሉ። «ነገ የምድረው ልጄን መስሎኝ ነበር። አንተ ቀድመህ ኮቴን ዳርከው።»

ምላጭ አነሳሁ። ጋሽ ይመር ቁጭ ብለው እያዩኝ፣ አንድ አንድ ክር እየበጠስኩ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈታሁት። ተኮስኩት። አለበስኳቸው። እጅጌው ልክ አንጓቸው ላይ ቆመ። ቁልፎቹ ሦስቱም አሉ፣ አንድ በአንድ ቆለፉት። በእውነት አምሮባቸዋል። በሩ ጋ ሲደርሱ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ ዩኒፎርሙስ?»

ኮሌታቸውን አስተካከሉ።

«ነገ» አሉኝና ወጡ።