ባለቤቱ ሌላ ነው

በየሰፈሩ ምስጋና የማይቀበል አንድ ሰው አይጠፋም። ልብስህ ያምራል ስትሉት «አሮጌ ነው» ይላል፤ ልጅህ ጎበዝ ነው ስትሉት «ቤት ውስጥ ባያችሁት!» ይላል። በዚህ በኩል የኛን ሰፈር ከቦንጋ እስከ ዋጫ የሚያህለው የለም፤ ጋሽ ገብረሚካኤል አሉን።

ክቡር ጋሽ ገብረሚካኤል ከከተማው ወጣ ብሎ ደህና የጫካ ቡና አላቸው። «አላቸው» ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው «የኔ» የሚል ቃል ከአፋቸው አውጥተው አያውቁም። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ቡናዎ እንዴት ይዟል!» ካልናቸው ኮፍያቸውን ያወልቁና «ባለቤቱን አመስግኑ፤ እኔ ጠባቂ ነኝ» ይላሉ። ባለቤቱ ያሉት እግዚአብሔርን መሆኑን እኛ እናውቃለን። እንግዳ ሰው ግን ይቸገራል። አንዴ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ቡናውን ሊገዛ ፈልጎ «ባለቤቱ የት ይገኛል?» ቢላቸው ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩለት። ሰውየው ኮረብታው ላይ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ሲያንኳኳ ዋለ።

ልጃቸውን ሲድሩም እንዲሁ ነው። «ጋሼ፣ እንዴት ያለች ቆንጆ ወልደዋል!» ቢሏቸው «እኔ ምን አደረግኩ?» አሉ። ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ ይህን መልስ እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም።

እውነቱን ልናገርና ይሰለቹኝ ነበር። እንዲህ የበዛ ትሕትና ራሱ ኩራት ነው እያልኩ አማቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት የመሬት ምዝገባ ሲመጣ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩ። ጫካው ዳር ቆመን «ባለይዞታው ማነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ባለቤቱ ሌላ ነው፤ እኔ ጠባቂ ነኝ» አሉ።

ፀሐዩ አናቴን በልቶት ነበር። እልህም ሳቅም ያዘኝና ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩት። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ረሳሁት።

ቢሮው ከኔ ጽሑፍ ያወጣው ዝርዝር ለሕዝብ ሲለጠፍ «ባለይዞታ፦ አልተገኘም። ጠባቂ፦ ገብረሚካኤል» ይላል። የቅሬታ ጊዜው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶታል። በዚያ ውስጥ ራሳቸው ቀርበው «የኔ ነው» ካላሉ ጫካው ወደ ወል መሬት ሊገባ ነው። ሳቄ ጠፋ። ሩጬ ቤታቸው ሄጄ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ይቅርታ ጠየቅኩ።

በማግስቱ ከእትዬ አልጣሽ ጋር መሬት ቢሮ መጡ። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው የመዝገብ ሠራተኛዋ አብርሆት ናት።

«አባቴ፣ አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው» አለቻቸው። «መሬቱ የማን ነው?»

ጋሽ ገብረሚካኤል ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። እኔ በልቤ «በሉ እንጂ!» እላለሁ።

«ልጄ» አሉ በመጨረሻ፤ «አባታችን ሲሞት ጫካው ለታላላቆቼ ለሰብሃትና ለጥሩሰው ነው የተሰጠው። ለኔ ለትንሹ የደረሰችኝ የጓሮዋ ቁራሽ ነበረች። በአንድ ክረምት ሦስታችንንም ወባ ጣለን። እኔ ተነሣሁ፣ እነሱ አልተነሡም። ከነሱ በልጬ አይደለም። አሁን የኔ ነው ብዬ ደረቴን ብነፋ በነሱ ሞት የኮራሁ ይመስለኛል።»

አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

እትዬ አልጣሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «አንተ ሰው፣ ማን ኩራ አለህ? ሲሰጥህ እጅህን እየሰበሰብክ ምኑን ልታመሰግን ነው? መጀመሪያ ተቀበል!»

ጋሽ ገብረሚካኤል ሚስታቸውን ትንሽ አዩአቸው። ከዚያ ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ ከትልቅ ሰው ዕቃ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ፎርሙን ሰጠኋቸው።

«የኔ ነው» አሉ። «ተሰጥቶኝ ነው እንጂ... የኔ ነው። ተመስገን።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙና ፎርሙን መለሱልኝ። ሲሰለቹኝ የኖሩትን ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ከወረቀቱ ግርጌ «ማስታወሻ» የሚል መስመር አለ፤ ማንም ሞልቶት አያውቅም። ብዕሬን አንሥቼ «ከወንድሞቻቸው ከሰብሃትና ከጥሩሰው በኋላ፣ በእግዚአብሔር ቸርነት የተሰጣቸው» ብዬ ጻፍኩ።

አብርሆት አነበበችው። «ይሄ እኮ ሲስተሙ ላይ ቦታ የለውም» አለችኝ።

«ግድ የለም» አልኳት። «ወረቀቱ ላይ ይቀመጥ።»