ከ1892 እንጀምር

ኳስ የሚታይበት ቤት ሁሉ ጥያቄ የማይጠየቅ አንድ ሰው አለው። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ መልስ ስለሚሰጥ ነው። የእኛ የሰበታዎቹ ኦቦ ኢቲቻ ይባላሉ።

ሮዛ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ሁለተኛው አግዳሚ ጫፍ ላይ፣ ዘነበም አልዘነበም ያንን ረጅም ካፖርታቸውን ለብሰው ይቀመጣሉ። እኛ በአርሰናልና በማንቼ ስንባላ ክቡርነታቸው ቀና ብለው አያዩንም። የእሳቸው ነገር የእንግሊዝ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው። ሮዛ የዕለቱን ጨዋታዎች በጠመኔ ጽፋ ሰሌዳውን ደጅ ስታቆም፣ ጎንበስ ይሉና ከሥር የፕሬስተንን ወይም የበርንሌይን ጨዋታ ይጨምሩበታል።

"ኦቦ፣ እሱ እኮ አይተላለፍም!" ትላለች ሮዛ።

"ባይተላለፍስ? መኖሩን ይወቁት!"

ይህን ሁሉ እውቀት ያገኙት ሆለታ እርሻ ምርምር ዕቃ ግምጃ ቤት ሲሠሩ ነው። አንድ እንግሊዛዊ ባለሙያ አገሩ ሲገባ ወፍራም የኳስ ታሪክ መጽሐፍ ትቶላቸው ሄደ። ሰውየው ምን እንዳደረገን እስከ ዛሬ አያውቅም። "አርሰናል ዘንድሮ እንዴት ነው?" ብሎ የጠየቀ ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ "ቆይ፣ ከ1892 እንጀምር።" ዲቪዚዮኑ የተመሠረተበት ዓመት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር።

እኔ ጨዋታ የምወድ ሰው ነኝ። ታክሲ ውስጥ የማላውቀው ሰው ስለ ኩላሊቱ ሲያወራኝ መውረጃዬን አልፋለሁ። ከኦቦ ኢቲቻ ግን ሁለቴ በጓሮ በር አምልጫለሁ፤ አንዱን ጊዜ ጫማዬን ሊስትሮው ጋ ትቼ።

አዲስ አበባን ወደ እኛ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር የተነሳ ሰሞንም ያስረዱን በዚሁ ነበር። "ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ እኛ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነን። አሁን ወደ ላይኛው ሊግ እናሳድጋችሁ ይሉናል፤ ሜዳችንን ወስደው! ሜዳ የሌለው ቡድን የት ይጫወታል?" ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። የአባታቸው የጤፍ ማሳ ላይ ዛሬ ፋብሪካ ቆሟል።

ታኅሣሥ 2008፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሳያልቅ መብራት ሄደ። ወዲያው ከዋናው መንገድ የተቃውሞ ጩኸት፣ ቀጥሎ ተኩስ ተሰማ። ሮዛ በሩን ቀረቀረች። ስልክ አይሠራም። ያኔ ቲቶ ተነሳ። ከወላይታ መጥቶ እዚያው ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሰማያዊ ቱታውን እንኳ አላወለቀም።

"ክፈቱልኝ! ኤልሳቤት ተረኛ ናት፣ ሚስቴ ፋብሪካው ውስጥ ናት!"

በዚያ ቱታ ቢወጣ ድንጋዩም ጥይቱም እሱን ነው የሚያየው። ኦቦ ኢቲቻ በሩን ተደገፉ።

"አንተ የማን ደጋፊ ነህ?"

"ጋሼ፣ አሁን ይሄ..."

"የማን?"

"የሲቲ።"

"ሲቲ ዋንጫ በወሰደ በዓመቱ እንደ ወረደ ታውቃለህ? ያውም በሊጉ ከሁሉም በላይ ጎል አግብቶ!"

"ሲቲ? ውሸት!"

"ቆይ፣ ከ1892 እንጀምር።"

በሩ ተደበደበ። "የፋብሪካ ሰው አለ?" አለ አንድ የጎረምሳ ድምፅ በኦሮምኛ። ቲቶ ቋንቋውን ባይችልም ነገሩ ገብቶት ደረቀ። ኦቦ ኢቲቻ ግን በሙሉ ድምፃቸው፣ በኦሮምኛ፣ "ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ግቡ እንጂ! ገና አሥራ ሁለቱን መሥራች ቡድኖች እየዘረዘርን ነው፤ ቦታ ሞልቷል!" አሉ።

የበሩ ድብደባ ቆመ። ከዚያ፣ "ዋይ! ኦቦ ኢቲቻ ናቸው! እንሂድ፣ እንሂድ!" ጥይት ያልመለሳቸው ልጆች እግሬ አውጪኝ አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ተኩሱ ሲበርድ ካፖርታቸውን አውልቀው ለቲቶ አለበሱት። ያለ ካፖርት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ለካ እንዲህ ቀጭን ናቸው። "በወንዙ በኩል ና። ያባቴ ማሳ ነው፣ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ።" እኔም ተከተልኳቸው። መንገዱን ሙሉ አላቋረጡም፤ ሲቲ የወረደበት 1938 ላይ ስንደርስ የፋብሪካው አጥር ጋ ደረስን።

ኤልሳቤት ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ዘበኛው ቤት ተቀምጣ ነበር። ቲቶ አቅፏት አለቀሰ። ኦቦ ኢቲቻ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

"ጤፉ ጥሩ ነበር" አሉኝ ቀስ ብለው። ኳስ ሳይጨምሩበት ስለ ድሮው ሲያወሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሮዛ ቤት እንደገና ሲከፈት ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ቲቶና ኤልሳቤት ቀድመውኛል። ካፖርቱም ወደ ባለቤቱ ትከሻ ተመልሷል።

"ኦቦ፣ 1938 ላይ ነበር ያቆምነው" አልኳቸው። "ይቀጥሉልን።"

ኤልሳቤትን አዩ፤ እኔን አዩ። "እሷ እኮ መጀመሪያውን አልሰማችም" አሉ። "ቆይ፣ ከ1892 እንጀምር።"

የጓሮውን በር አየሁት። ወለል ብሎ ተከፍቷል። ኤልሳቤትን "እስቲ ጠጋ በይልኝ" አልኩና ተቀመጥኩ።