የሦስተኛው ፎቅ ተራ

ያቺን መጥረጊያ እዩአት። ጭራዋ ረግፎ ጉቶ ሆናለች፤ በዚያ ቤት ግን ከቦምብ ይበልጥ የተፈራችው እሷ ናት። ባለቤቷ ክብርት ወይዘሮ ቦየርሌ፣ የደረጃው ጠቅላይ አዛዥ ነበሩ። ዓለም ተገልብጦ የጎረቤት ጭቃ ብቻ የሚታያቸው ሰዎች በየአገሩ አሉ፤ የጀርመኗ ከተማ የሽቱትጋርት ሰዎች ግን ሌላ ናቸው።

ደረጃው በየሳምንቱ በተራ ይጠረጋል። ተረኛው በር ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ትሰቀላለች፤ የጨረሰ ለቀጣዩ ያሻግራታል። ወይዘሮዋ ማዕዘኑን በጣታቸው ይዳስሱና እስከ ሦስተኛ ፎቅ ይጮኻሉ፦ "ወይዘሮ ሌቪንገር! ማዕዘኑን ማን ይጥረግልዎ፣ መላእክት?" ትንሿ ኢልዘ ሌቪንገር ይህን ድምፅ ስትሰማ አልጋ ስር ትገባ ነበር።

የወይዘሮ ቦየርሌ ወታደር ልጅ መርዶ ከሩሲያ የደረሰ ዕለት ደረጃውን ደጋግመው ጠረጉ እንጂ አላለቀሱም። ቦምብ ጣሪያውን ሲወስደው፣ ወደ ባዶ ሰማይ የሚያወጣውንም ደረጃ ጠረጉ። "ሥርዓት ሥርዓት ነው!"

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አይሁዶቹ ሌቪንገሮች ተወሰዱ። ሰሌዳዋ በራቸው ላይ ነበረች፤ ተራቸው ነበር። ፖሊሶች ጭቃ በያዘ ቦት ጫማ ሲወጡ በሮች ሁሉ ድርግም ብለው ተዘጉ። የሁለተኛ ፎቁ አቶ ኪንሌ በቁልፍ ቀዳዳ አዩ። ወይዘሮ ቦየርሌ ብቻ ደረጃው ላይ ቆመው፣ "ጫማችሁን ጥረጉ እንጂ! በረት መሰላችሁ?" አሉ።

ያ ብቻ። ሰው ወደ ሞት እየተነዳ፣ ስለ ጭቃ! የሚያሳፍረው ደግሞ፣ በዚያ ማለዳ በዚያ ቤት ከዚህ የደፈረ ቃል አለመሰማቱ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ኢልዘ ብቻዋን ተመለሰች። ቤት የሚያድለው ሹም አንድ ነገር ጠየቃት፦ እዚያ ትኖር እንደነበር የሚመሰክር ጎረቤት። ካልተገኘ፣ መመለሻዋ እስካሁን የተጠለለችበት የስደተኛ ሰፈር ነው። አብረው ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። በሩን የከፈቱት አቶ ኪንሌ ናቸው፤ ዛሬ በእናቷ አልጋ ላይ የሚተኙት።

"ሌቪንገር? እንዲህ ያለ ስም ሰምቼም አላውቅ።"

ሚስታቸው ከኋላ ሆነው፣ "ስንቱ ይመጣል፣ ስንቱ ይሄዳል፣ ጌታዬ። ጦርነት ነበር እኮ!" አሉ።

ሹሙ ትከሻውን ሰበቀ። "እንግዲህ ምን ላድርግልሽ፣ እህቴ?"

"ጫማውን ሳይጠርግ የወጣው ማን ነው?" የሚል ድምፅ ከታች መጣ። ወይዘሮ ቦየርሌ መጥረጊያቸውን ተመርኩዘው፣ እያለከለኩ ደረሱ። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። ኢልዘ እንደ ልጅነቷ ከሥሩ የምትገባበት አልጋ ፈለገች።

"አንቺ የሌቪንገር ልጅ! እናትሽ ማዕዘን ጠርጋ አታውቅም!"

"ያውቋታል?" አለ ሹሙ።

"ስንት ዓመት የጨቀጨቅኳትን? አንተ ኪንሌ፣ አንተም ታውቃለህ! እዚህ ከገባህ በኋላ እንኳ ተራቸው በደረሰ ቁጥር ሰሌዳዋን በዚህ በር ሰቅዬ ስጠርግላቸው፣ 'ለማን ነው?' ብለህ ስቀህብኝ የለም? 'ለሌቪንገሮች፣ እስኪመጡ' አላልኩህም?"

አቶ ኪንሌ ጫማቸውን አዩ። ሹሙ፣ "በቂ ነው፤ ክፍሏ ይለቀቅላት" አለ።

አሮጊቷ ወደ ኢልዘ ዞሩ። "እናትሽስ መቼ ነው የምትመጣው?"

ኢልዘ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ወይዘሮ ቦየርሌ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፈው፣ ባልተጠረገው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። "ያንን ማዕዘን ብተውላት ምን ነበረበት?" አሉ። ኢልዘ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያን ሳምንት ደረጃውን የጠረገ የለም።

እናንተም በደረጃችሁ የምትነዘንዝ አሮጊት ካለች ቻሏት፤ አንድ ቀን ስማችሁን የምታስታውስላችሁ እሷ ልትሆን ትችላለች። ከዚያ ደግሞ በደረጃችሁ ባለቤቱ የተወሰደበት በር ካለ አንኳኩ፤ ይኖርበት የነበረውንም ሰው ጮክ ብላችሁ፣ በስሙ ጥሩልኝ።